ሠንጠረዡ ሥራውን አያውቅም

“ዳታቤዙ ካለ ምን ቀረህ? ጄኔሬት አድርገው!”

ካዛንቺስ አካባቢ ባሉ የሶፍትዌር ቢሮዎች ይህን ሳልሰማ ያለፍኩት ሳምንት ጥቂት ነው። ተናጋሪው ብዙ ጊዜ ወጣት ነው። ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ላፕቶፑን ወደ እኔ ያዞራል፣ አንድ መስመር ትእዛዝ ይጽፋል፣ ኢንተር ይጫናል፤ የፋይል ስሞች ስክሪኑ ላይ እንደ ቆሎ ይፈስሳሉ። ባለፈው እንዲሁ አንዱ 143 ሠንጠረዥ ካለው ዳታቤዝ 143 ክላስ በ11 ሰከንድ አመነጨና “ጋሼ፣ እናንተ ይሄን በስንት ጊዜ ነበር የምትጽፉት?” አለኝ። “በሦስት ሳምንት” አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ የሳቅንበት ነገር ግን ለየቅል ነበር።

የወጣቶቹን ወገን አሳንሼ ማቅረብ አልፈልግም፤ ክርክሩ ጥርስ አለው። መቶ አርባ ሦስት ሠንጠረዥ በአማካይ አሥራ አምስት ኮለም ቢኖረው ከ2,000 በላይ መስመር በእጅ መልቀም ነው። ሰው ይደክማል፤ የደከመ ሰው ደግሞ ኮለም ከኮለም ያማታል። ክላስ አመንጪው መሣሪያ አይደክምም። የአንድ ኮለም ስም ቢቀየር እንደገና ማመንጨት ነው፤ የተሰበረውን ቦታ ኮምፓይለሩ ከደንበኛው ቀድሞ ይነግርሃል። ሠራተኛም አይበረክትልንም። ዛሬ ኮዱን የጻፈው ልጅ በዓመቱ ሌላ ድርጅት ወይም ሌላ አገር ነው፤ የሚተካው ሰው ሁሉንም ክላስ በአንድ መልክ ተጽፎ ቢያገኘው ይሻለዋል። ከሁሉም የሚከብደው ግን ይሄ ነው፦ ዳታ ከፕሮግራም ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው። በቪዥዋል ቤዚክ 6 የተጻፈው ፕሮግራም ከተጣለ ቆይቷል፤ በእሱ የተሞላው ዳታ ግን ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ዛሬም እንጀራ ያበላል። እንግዲያ እውነቱ ያለው ሠንጠረዡ ዘንድ ነው፤ ክላሱ የእሱ ጥላ ቢሆን ምን ነውር አለው? ደግሞስ ሃይበርኔት፣ ኢንቲቲ ፍሬምወርክ፣ ጃንጎ፣ ፕሪዝማ የሚባሉት የፕሮግራመር መሣሪያዎች ሁሉም ይህን አገልግሎት ይሰጡ የለም ወይ? ዓለም ሁሉ ተሳስቶ አንተ ብቻ ነህ ያወቅኸው?

ከመጨረሻው ልጀምር። ዓለም እንዲህ አላለም። ጃንጎ ሠንጠረዥ አንብቦ ሞዴል የሚያወጣ ‘ኢንስፔክትዲቢ’ የሚባል ትእዛዝ አለው፤ የራሱ የጃንጎ ሰነድ ግን ይህ አቋራጭ እንጂ ያለቀለት ሞዴል አይደለም፣ የወጣውን ራስህ ተመልክተህ አስተካክል ይላል። የማይክሮሶፍቱ የኢንቲቲ ፍሬምወርክ ኮር ሰነድም የሞዴል ነገር ሁሉ በዳታቤዝ አወቃቀር ሊገለጽ እንደማይችል ጽፎ አስቀምጧል፤ የክላሶች ውርስ ለምሳሌ ከሠንጠረዥ ተነቦ አይመነጭም። ቀማሚው ‘ከምግብ በኋላ’ ብሎ የጻፈበትን መድኃኒት በባዶ ሆድ የምንውጠው እኛ ነን።

አሁን ወደ ዋናው። እውነቱ ሠንጠረዡ ዘንድ ነው የተባለው እውነት ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ላለ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር አሮጌውን ፕሮግራም በአዲስ እንድንተካ ተቀጠርን። እኛም እንደ ሰዉ አመነጨን። የአባል ክላስ ወጣ፤ ከውስጡ ‘ቀበሌ’ የሚል ኢንቲጀር አለ። ጥሩ። ዳታውን ስከፍት ቀበሌ 1718፣ ቀበሌ 809፣ ቀበሌ 2021 የሚሉ ቁጥሮች ተደርድረዋል። 2021 ዓመት መስሎኝ ኮለም ተዛንፎ ይሆን ብዬ ግማሽ ቀን ስቆፍር ዋልኩ። በኋላ መዝገብ ቤት ወረድኩና ከቢጫ ፋይሎች መሐል የተቀመጡትን ሴትዮ “እትዬ፣ ይሄ 1718 ምንድን ነው?” ብዬ ጠየቅኋቸው። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። “አይ የኔ ልጅ፣ አሥራ ሰባት አሥራ ስምንት ነዋ! ሰረዟን ኮምፒውተሩ እምቢ ሲለን ዝም ብለን አያይዘን ጻፍነው።”

ነገሩ ያኔ ተገለጠልኝ። ክፍለ ከተሞች በ1995 ሲዋቀሩ ቀበሌዎች እየተዋሐዱ 17/18፣ 08/09፣ 20/21 እየተባሉ መጠራት ጀመሩ። ሠንጠረዡ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው፤ ቁጥር እንጂ ሰረዝ አይቀበልም። 08/09 ከሰረዙ ጋር መነሻ ዜሮውንም አጥቶ 809 ሆነ። ያመነጨነው ክላስ ‘ቀበሌ ሙሉ ቁጥር ነው’ ሲል ዋሸ? አልዋሸም፤ ያየውን ተናገረ። ያየው ግን የቀበሌን ምንነት አይደለም፤ አንድ ፕሮግራመር ድሮ የወሰነውንና ጸሐፊዎች እየተቸገሩ የዘለሉትን አጥር ነው።

ከጎኑ ያለው ‘ወረዳ’ የሚለው ኮለም ደግሞ ይብሳል። ከ1995 በፊት በአዲስ አበባ ወረዳ ማለት ብዙ ቀበሌዎችን የያዘ ሰፊ ክልል ነበር። ክፍለ ከተማ መጣ፣ ወረዳው ቀረ። ቆየት ብሎ ቀበሌው ቀረና ወረዳ የሚለው ቃል በክፍለ ከተማ ሥር ለትንሹ እርከን ስም ሆኖ ተመለሰ። አንድ ኮለም፣ አንድ ስም፣ ሁለት የማይገናኙ ነገሮች። በ1990 የተመዘገበ አባል ወረዳው 15 ነው፤ በ2008 የተመዘገበው ወረዳው 8 ነው፤ ሁለቱን በአንድ ሪፖርት የሚደምር ሰው ብርቱካንና ሚስማር እየደመረ ነው። መሣሪያው ይህን ከየት ያውቀዋል? ለእሱ ሁለቱም ኢንቲጀር ናቸው።

(እዚህ ላይ ሰፈሩ ራሱ ምስክር ነው። ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው ‘ካዜ ኢንቺስ’ ከሚል የጣሊያንኛ መጠሪያ ነው፤ ኢንቺስ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራ የጣሊያን ተቋም ምሕጻረ ቃል ነበር። ተቋሙ ሄደ፣ ስሙ ቀረ፤ እኛም ትርጉሙን ሳንጠይቅ ሰማንያ ዓመት ተጠቀምንበት። የሰፈር ስም ሲሆን ያምራል። የኮለም ስም እንዲህ ሲሆን ግን የሰው ገንዘብ ይጠፋል።)

በ2017 መስከረምና ጥቅምት ደግሞ በዚያው በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ያለው የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል በኮሪደር ልማት ፈረሰ። ነዋሪው ከፊሉ ገላን ጉራ ገባ፣ ከፊሉ ወደየአቅጣጫው ተበተነ። ሠንጠረዡ ሰው አንድ አድራሻ ብቻ እንዳለው ያምናል፤ አምስቱ የአድራሻ ኮለሞች በአባሉ ስም ረድፍ ላይ ተለጥፈዋል። አዲሱን ስትጽፍ አሮጌው ይጠፋል። ነገር ግን የብድር ውሉ የተፈረመው በአሮጌው አድራሻ ነው፤ ዋሱም የፈረመው እዚያው ነው። የማኅበሩ ሰዎች የሚፈልጉት ‘ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን እዚህ ነበር’ የሚል አድራሻ ነው። ይህን ማንም ቢጠይቃቸው በአምስት ደቂቃ ይነግሩት ነበር። ያመነጨ ሰው ግን አይጠይቅም፤ ክላሱ ወጥቶለታላ! ነገሬ ሁሉ እዚህ ጋ ነው፦ ማመንጨት ቁልፍ ከመምታት ብቻ አይደለም የሚገላግለን፤ ከመጠየቅም ይገላግለናል። መጠየቅ ደግሞ ሥራችን ነበር።

ቀን ላይ እንምጣ። ዳታቤዙ ‘ዴት’ የሚለው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። የእኛን ቀን እዚያ ላስገባ ያለ ሰው ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለሆነ ጥቅምት 30 ላይ ‘ፌብሩዋሪ 30 የለም’ ተብሎ ይመለሳል፤ ጳጉሜን ላይ ደግሞ 13ኛ ወር የሚባል ነገር የለም ይባላል። ታዲያ ፕሮግራመሩ ምን አደረገ? ኮለሙን ጽሑፍ አደረገው። መሣሪያውም ‘ስትሪንግ’ ብሎ አመነጨልን። አሁን ‘05/06/2012’ የሚል ብድር የተሰጠበት ቀን ይዘሃል። የካቲት 5 ቀን 2012 ነው? ወይስ በፈረንጁ ጁን 5፣ ማለትም ግንቦት 28 ቀን 2004? ወይስ አንዱ በአሜሪካ ልማድ ወሩን አስቀድሞ ሜይ 6 ማለቱ ነው፣ ሚያዝያ 28? ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ አለ። በዚያ መሐል ያለውን ወለድ ማን ይክፈል? በእጅ የሚጻፍ ‘የኢትዮጵያ ቀን’ የሚባል ትንሽ ክላስ ይህን ጥያቄ በር ላይ ያስቆመዋል፤ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳትነግረው አይፈጠርም። ስትሪንግ ግን ሁሉንም ይቀበላል፤ ‘ነገ ይሞላል’ የሚል ቀንም አግኝቼበታለሁ።

ስምማ አይነሳ። ‘ፈርስት ኔም’፣ ‘ሚድል ኔም’፣ ‘ላስት ኔም’ የሚሉት ሦስት ኮለሞች ከየት እንደተገለበጡ ሁላችንም እናውቃለን። እኛ ዘንድ ሦስቱ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ናቸው፤ የቤተሰብ ስም አይደሉም፤ ባልና ሚስት አይጋሯቸውም። ክላሱ እንዳለ ሲመነጭ ግን ‘ላስት ኔም’ ከነትርጉሙ ይገባል፤ ከእሱ ጋር ከውጭ የተገለበጠው የደብዳቤ ቅጽም ይመጣል። ዳዊት የሚባል ደንበኛ “ውድ አቶ ወልደሚካኤል፣ የወር ክፍያዎ አልገባም” የሚል ቴክስት ሲደርሰው አይቻለሁ። አያቱ ካረፉ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ብድርም አልነበረባቸውም።

ጽሑፉስ? የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል፤ ችግሩ ተፈታ ብለን ነበር። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ግን ‘ቫርቻር’ ተብሎ በተከፈተ ኮለም አማርኛ ስታስገባ በአብዛኛው የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ይመለስልሃል፤ ‘ኤንቫርቻር’ መሆን ነበረበት። የመነጨውን ክላስ ክፈት፦ ሁለቱም ‘ስትሪንግ’ ናቸው። ልዩነቱ ማንም በማይከፍተው ረጅም የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ አንዲት መስመር ሆኖ ተቀብሯል። ከዚህም አልፎ ኃይሌን የጻፈ ጸሐፊ አለ፣ ሀይሌንም የጻፈ አለ፣ ሐይሌንም። ለአንባቢ አንድ ሰው ነው፤ ለሠንጠረዡ ሦስት። ስም ሲፈለግ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ ጸ እና ፀን አንድ አድርጎ የሚያይ ደንብ የሆነ ቦታ መጻፍ አለበት። በመነጨ ክላስ ውስጥ ብትጽፈው በሚቀጥለው ማመንጨት ይደመሰሳል። ስለዚህ በየስክሪኑ ይበተናል።

ይህ መበተን ነው ‘ሠራተኛ ስለማይበረክት አንድ መልክ ይሻላል’ የሚለውን ክርክር የሚያፈርሰው። አዲሱ ልጅ መጣ እንበል። መቶ አርባ ሦስት አንድ ዓይነት ክላስ ተቀበለው። ‘ፍላግ ቱ’ የሚል ቡሊያን አገኘ። ‘ሪማርክ ስሪ’ አገኘ። ምን እንደሆኑ ማን ይንገረው? በዚያ ማኅበር አንድ አባል ስድስት ወር ሳይቆጥብ መበደር አይችልም። ይህ ደንብ በአባሉ ክላስ ውስጥ ‘መበደር ይችላል ወይ?’ ተብሎ አንድ ጊዜ መጻፍ ሲገባው አራት ስክሪን ላይ ተጽፎ አገኘነው፤ ሦስቱ ስድስት ወር ይላሉ፣ አንዱ ሦስት። የቱ እንደሆነ ብድር ጠያቂው ያውቅ ነበር፤ በየትኛው መስኮት በኩል እንደሚያስገባ ነግረውታል። የክላሶቹ መልክ ግን አንድ ዓይነት ነበር፤ ያምሩ ነበር።

ኮምፓይለሩም ቢሆን የሚይዘው የስም ለውጥን ነው። ‘ወረዳ’ የሚለው ቃል ትርጉሙ ሲለወጥ የትኛው ኮምፓይለር ጮኸ?

አንድ ነገር በአጭሩ ልጨምር፤ አሁን ሕግም መጥቶበታል። የመነጨ ክላስ የሠንጠረዡን ኮለም ሁሉ ይዞ ይወጣል፤ ብዙዎቻችን ደግሞ ያንኑ ክላስ እንዳለ ለሞባይል መተግበሪያው እንልከዋለን። ስክሪኑ ላይ ስምና ቀሪ ሒሳብ ብቻ ይታያል፤ በሽቦው ውስጥ ግን ስልኩ፣ የእናቱ ስም፣ የዋሱ አድራሻ አብሮ ይሄዳል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ‘መሣሪያው ነው ያወጣው’ ማለት መልስ የሚሆን አይመስለኝም።

‘ዳታ ከፕሮግራም ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው’ የሚለውን እቀበላለሁ። ግን ከዚህ የሚከተለው የእነሱ መደምደሚያ አይደለም። ዳታው ረጅም ዕድሜ ስላለው ነው የዘመናት ስህተት፣ የዘመናት አስተዳደር፣ የዘመናት ጸሐፊ ዘዴ የተከመረበት። ሽማግሌን ማክበር ማለት የተናገረውን እንዳለ መድገም ሳይሆን ምን ለማለት እንደፈለገ መጠየቅ ነው። ኤድጋር ኮድ (ስሙ ነው፤ ቀልድ አይደለም) በ1970 እ.ኤ.አ. የዛሬዎቹ ሠንጠረዦች ሁሉ የቆሙበትን ጽሑፍ ሲያወጣ ገና ከመግቢያው የተናገረው ዳታው በማሽኑ ውስጥ እንዴት እንደተደራጀ ማወቅ ለተጠቃሚው ሸክም መሆን እንደሌለበት ነበር። እኛ በእሱ ስም እየማልን አደረጃጀቱን እስከ ስክሪኑ ድረስ ጎትተን እናመጣለን።

ወደ አሥራ አንዱ ሰከንድ ልመለስ። ሦስት ሳምንቱን በመተየብ ያሳለፍን ይመስላቸዋል። መተየቡ ሁለት ቀን አይፈጅም። ቀሪው ጊዜ የሄደው መዝገብ ቤት ወንበር ላይ፣ ከሒሳብ ሹሟ ጋር ስንከራከር፣ ‘ይሄ ኮለም ለምን ባዶ ነው?’ እያልን ነው። በመጨረሻ ከማኅበሩ 86 ሠንጠረዦች ውስጥ ሃያ ሁለቱ አንዱ ባለሙያ ‘ለማንኛውም’ ብሎ ያስቀራቸው ቅጂዎች ሆነው ተገኙ፤ ዘጠኙ ከተከፈቱ ጀምሮ አንድ ረድፍ አልገባባቸውም። ሥራውን በትክክል የሚናገሩት አሥራ ዘጠኝ ክላሶች ብቻ ነበሩ። መሣሪያው ሰማንያ ስድስቱንም በእኩል አክብሮት አመንጭቶልን ነበር፤ የሞቱትን ጭምር።

አሁን ደግሞ አዲስ ዘፈን መጥቷል፦ “ጋሼ፣ ኤአይ ኮለሙን አይቶ ትርጉሙን ይገምትልሃል።” ይገምታል፤ ደህና አድርጎም ይጽፋል። ‘ላስት ኔም’ን ሲያይ ግን የሚገምተው የቤተሰብ ስም ነው፤ 2021ን ሲያይ ዓመት ነው ብሎ ማለፉ አይቀርም፤ እኔም ግማሽ ቀን ያጠፋሁት እንደዚያው ገምቼ ነው። ግምት ከመዝገብ ቤቷ ሴትዮ መልስ ጋር አይተካከልም።

ማመንጨትን እጠላለሁ ያልኩ እንዳይመስል። ሪፖርት ብቻ የሚያነብ ፕሮግራም ከሆነ አመንጭ። ዳታ ከአሮጌ ወደ አዲስ ስታጓጉዝ አመንጭ፤ እንዳለ ማየት የምትፈልገው ያኔ ነውና። ማርቲን ፋውለር በ2002 እ.ኤ.አ. በኢንተርፕራይዝ አርክቴክቸር መጽሐፉ አንድን የሠንጠረዥ ረድፍ ብቻ የሚወክል ክላስን ከሥራው ሕግ ለይቶ በር ብሎ ጠርቶታል፤ እንዲህ ያለው ክላስ ለማመንጨት የተመቸ እንደሆነም ጽፏል። በትክክል! የሚመነጨው በር ነው። የእኛ ጥፋት በሩን አቁመን ቤት ሠራን ማለታችን ነው። የመነጨው በራሱ ፎልደር ውስጥ ይቀመጥ፣ ማንም በእጁ አይንካው፣ ዳታቤዙ ሲለወጥ ይደምሰስና ይመንጭ። ከላይ ያሉት አባል፣ ብድር፣ ዋስ፣ አድራሻ፣ ቀን ግን ሥራውን ጠይቆ የተረዳ ሰው በእጁ ይጻፋቸው፤ ሠንጠረዡን የሚያነቡት በበሩ በኩል ብቻ ይሁን፤ 1718ን ወደ 17/18 የሚመልሰው ኮድም እዚያው በሩ ላይ ይቁም። ይህን ስናደርግ በዚያ ማኅበር የጨመርነው ሥራ ሦስት ሳምንት ነው፤ ያው ልጁ የሳቀብኝ ሦስት ሳምንት።

ስለዚህ አንተ ማኪያቶህን ይዘህ ትእዛዙን ልትጽፍ የተዘጋጀኸው ወንድሜ፣ እሺ፣ ተጫነው። ከዚያ ላፕቶፑን ዝጋና መዝገብ ቤት ውረድ። ‘ፍላግ ቱ’ ምን እንደሆነ ጠይቅ። ቢጫ ፋይሎቹ ጋ የተቀመጡት ሴትዮ በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ ይወጣሉ።